የልጅን የፋሲካ ቅርጫት ማበላሸት ለምትፈልጉ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት “ለእኔስ የፋሲካ ቅርጫት የለኝም?” እያሉ መጥተው የወጠሯችሁ እናቶችና አባቶች፣ አክስቶችና አጎቶች፤ ፈረንጆቹ በፋሲካ ለልጅ ከረሜላና መጫወቻ የሚሞሉበትን ይህን ቅርጫት በወጉ ማበላሸት ከፈለጋችሁ መንገዱ ይኸውላችሁ። ግማሹን ያለ መካሪም ስትሠሩበት የኖራችሁት ነው።

1. ከልጁ ሳይሆን ከመደርደሪያው ጀምሩ። የቫለንታይን ልቦች በወረዱ ማግስት ጥንቸሎቹ ይሰቀላሉ። በዚያው ሳምንት ግቡና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሪባን ታስሮለት የተዘጋጀውን አንሱ። ልጁ ክረምቱን ሙሉ ስለ ዳይኖሰር ሲያወራ ከርሞ ይሆናል። ልጅቷ የቀለም እርሳሷ አልቆባት በጉቶው እየሳለች ይሆናል። እናንተ ምን አገባችሁ? የፋብሪካው ሰው ልጃችሁን ከእናንተ በላይ ያውቃል።

2. ቅርጫቱ ትልቅ ይሁን። ግማሹን በአረንጓዴ የፕላስቲክ ሳር ሙሉትና ከላዩ ጥቂት ከረሜላ በትኑበት፤ ከሩቅ ሲያዩት የሞላ ይመስላል። ሳሩ እስከ መስከረም ድረስ ከምንጣፉ ሥርና ከሶፋው ስንጥቅ ይለቀማል። ድመት ካላችሁ የሳሩን ክር ትውጠውና አንጀቷ ተቋጥሮ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። ቅዳም ሹር ዕለት ካህናቱ ያደሉትን ቄጤማ ግን እንዳትጎዘጉዙበት። ልጁ ያሸተውና “ይሄን ለምን ራስ ላይ ያስሩታል?” ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ ስለ ኖኅና ስለ እርግቧ፣ ውኃው ስለ መጉደሉ ማውራት ሊኖርባችሁ ነው። ለዚያ ደግሞ ጊዜ የላችሁም።

3. ለሁለት ዓመቷም ለአሥር ዓመቱም አንድ ዓይነት ሙሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጠንካራ ከረሜላና ለውዝ አትስጡ ይላል። ለመጫወቻም ሕግ አለ፤ ስፋቱ 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተብሎ አይሸጥም። እናንተ ግን እንቁላል በሚመስለው ፕላስቲክ ውስጥ ጄሊ ቢንና ጥቃቅን ኳሶች አጭቃችሁ “ትንሿም ይድረሳት” በሉ። ኧረ በፈጠራችሁ! ልጅ አንቆት ያየ ሰው ይህን አያደርግም፤ ያላየም እስኪያይ መጠበቅ የለበትም።

4. ጊዜውን አዛቡ። በ2024 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31፣ የእኛው ሜይ 5 ነበር። በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ዋሉ። በ2027 ደግሞ የእነሱ ማርች 28፣ የእኛው ሜይ 2 ነው። እንዲህ በተራራቁበት ዓመት፣ በሑዳዴ መካከል፣ የወተት ቸኮሌት የሞላበትን ቅርጫት ለሚጾም ልጅ ስጡት። ከዚያ ከማቀዝቀዣው ላይ ሰቅላችሁ “እንዳትነካው፣ ጾም ነው!” በሉት። አምስት ሳምንት ሙሉ ቀና ብሎ ሲያየው ይክረም። በጉጉት የሚጠብቀው አንድ በዓል ነበረው፤ አሁን ሁለቱንም አበላሻችሁበት።

5. ነፍስ ያለው ነገር ጨምሩበት። ጥንቸል በደንብ ከተያዘ ከ8 እስከ 12 ዓመት ይኖራል፤ ልጁ ግን በሁለት ሳምንት ይሰለቸዋል። ያኔ መናፈሻ ወስዳችሁ ልቀቁት፤ ለማዳ ጥንቸል በዱር ኑሮ አያውቅም፣ ወዲያው በአውሬ ይበላል። ወይም ጫጩት ግዙ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጫጩት እንዳይነኩ የሚመክረው ሳልሞኔላ ስለሚያሲዝ ነው። ነፍስ ያለው ፍጡር የቅርጫት ማሟያ አይደለም፤ ነውር ነው።

6. ቅርጫቱን ለካሜራ ሥሩት። ወደ ዋናው ጉዳይ የመጣነው ገና አሁን ነው። ልጁ በፒጃማው፣ ዓይኑን እያሻሸ ብቅ ሲል “ቁም! እዚያው ቁም!” በሉት። ቪዲዮው አልጀመረም ነበርና ተመልሶ ይግባ፤ እንደገና ይውጣ፤ እንደ መጀመሪያው “ዋው!” ይበል። ሦስተኛው ላይ ፊቱ ከቀዘቀዘ ተቆጡት። “ይሄን ሁሉ ገዝቼልህ መሳቅ ያቅትሃል?”

7. የሐበሻ ልብሱን አልብሱትና ቅርጫቱን አሳቅፉት። ቸኮሌቱን ሊከፍት ሲል እጁን ምቱ፤ ጥልፉ ይቆሽሻል። ፎቶው እስኪለጠፍ አይከፈትም፤ ከተለጠፈ በኋላም አክስትየዋ አይታ አስተያየት እስክትጽፍ ይቆይ።

8. አክስትየዋ የጻፈችው “ውይ፣ ለእኔዋ ልጅማ ያመጣሁት…” ከሆነ አትበለጡ። አይፓድ ጨምሩበት። በሚቀጥለው ዓመት እሷ ብስክሌት ትጨምራለች። ውድድሩ የእናንተ ነው፤ ልጁ ዳኛም ተጫዋችም አይደለም።

9. ዋጋውን ልጁ እየሰማ ለእንግዶች ንገሩ። “ስንት እንደወጣበት ብታውቂ!” ይህን አምስት ጊዜ የሰማ ልጅ ስጦታ ማለት ዕዳ መሆኑን ቶሎ ይማራል።

ስልኩን ይዛችሁ ልጁን የምታስለቅሱ ሰዎች፣ ምን ነክቷችሁ ነው? ልጁ እናንተን ለማስደሰት ሲል ያልተሰማውን ደስታ ሦስት ጊዜ እንዲያስመስል አድርጋችሁታል። ይህ ጨዋታም ትዝታም አይደለም፤ ሥራ ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ። ይሁን፤ ምክሩ አላለቀም።

10. ለወንዱ ትልቁን፣ ለሴቷ ትንሹን ስጡ። “እሷ አታማርርም።”

11. ለጓደኛው ልጅ ቅርጫት ስትልኩ ለውዝ ይስማማው እንደሆነ እናቱን አትጠይቁ።

12. ልጁን ምንም አታሠሩት። ነገሩ ከየት እንደመጣም አታጣሩ። በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ፔንስልቬንያ የፈለሱ ጀርመኖች የፋሲካዋን ጥንቸል ተረት ይዘው ሄዱ። በዋዜማው ልጆቹ ራሳቸው ከቆባቸውና ከሻሻቸው ጎጆ እየሠሩ፣ ከቤትና ከጎተራ ጥግ ይደብቁት ነበር፤ ጥንቸሏ ሌሊት መጥታ ቀለም የተቀባ እንቁላል ትጥልበታለች ተብሎ። የዛሬው ቅርጫት የዚያ ጎጆ ልጅ ነው። ጎጆውን የሚሠራውም፣ ቦታ የሚመርጠውም፣ እንቅልፍ አጥቶ የሚጠብቀውም ልጁ ነበር። ይህን ካወቃችሁ ቅርጫት ማበላሸት ይከብዳችኋል፤ ስለዚህ አትወቁ።

ማበላሸት የማትፈልጉ ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ትንሽ ቅርጫት ይበቃል፤ ከአገር ቤት የመጣች ስፌት ካለችም እሷ ትበልጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት ስልካችሁን ሌላ ክፍል ተዉትና ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቄጤማውን አብራችሁ ጎዝጉዙ። እንቁላሉን በሽንኩርት ልጣጭ ቀቅሉና ቀለሙ ሲወጣ ልጁ ራሱ ይይ። ያለቀበትን የቀለም እርሳስ፣ ስለሚያወራለት እንስሳ የሚተርክ አንድ መጽሐፍ፣ ከእህቱ ጋር የሚካፈለው ትንሽ ቸኮሌት ጨምሩበት። ስጦታውንም ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሳችሁ ጾሙ ሲገደፍ፣ ወይም ጠዋት ድፎው ሲቆረስ ስጡት፤ ጾመኛ ልጅ ያን ሰዓት ሲጠብቅ ነው የከረመው።

ዘንድሮ አንድም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ልጃችሁን ምን እንደሚወድ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙት።