ሣሩ ይረፍበት

አዲስ አበባ ለልጆች ደግ ሆናለች። በ2012 አንድነት ፓርክ፣ በ2013 ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። አቀበቱን ለሚፈራ ቤተሰብም ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በመኪና ደርሶ የሚመለስበት የሰፈር ፓርክ አለን፤ የኔ ምስጋና ለእሱ ነው።

ጥበቃው በር ላይ ኳሱን ይቀበላል፤ ኳስ ሣር ይጎዳል። ምሳ ዕቃውንም ያስቀራል፤ ካፌው እያለ ምን አደከማችሁ! የዥዋዥዌው ሰንሰለት እንዳይበጠስ በሽቦ ተጠፍሮ ታስሯል፤ ይኸው እስካሁን አልተበጠሰም። ሣሩማ ስንት ቦቴ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ነው፤ ልጅ እንደሆነ በነፃ ያድጋል። አንዲት ሕፃን ጫማዋ ጠርዙን ነካ ሲያደርግ ፊሽካው ተነፋ፦ "እናት፣ ልጅሽን ያዢ እንጂ!"

እውነቱን ለመናገር ደንቡን ጠንቅቆ የሚያከብር አንድ ጎብኚ ብቻ አይቻለሁ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ንጣፉ ላይ የቆመ፣ ማኪያቶ ያዘዘ፣ ልጅ የሌለው ጎልማሳ። ለቤተሰብ የተሠራ መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ልጆቹ የት ይሩጡ ብለን ጠየቅን። ጥበቃው ትሑት ሰው ነው፤ በእጁ የመኪና ማቆሚያውን አሳየን። እዚያ ሣር የለም።