ዐሥራ ሁለት ኪሎ ልጅ፣ ሰማንያ ኪሎ ጓዝ

ሰው ሁሉ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያማርር እኔ ዝም እላለሁ። ኑሮ ረክሶልኝ አይደለም፤ እኔና የጡረታ ደመወዜ ከተኳረፍን ቆይተናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ የሕፃን ጓዝ። ገና ሲቃረብ በሕፃን ስም ከባሕር ማዶ ወደ አገር የሚገባው ዕቃ፣ ጥር ሲያልቅ ደግሞ በዚያው ሕፃን ስም ከአገር የሚወጣው ዕቃ። ሌላው ጡረተኛ ፀሐይ ይሞቃል፣ ዳማ ይጫወታል፤ እኔ የአዲስ አበባው የቤቴል ሰፈር ሽማግሌ ግን በስተርጅና ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ ቀረሁ።

በ2016 ገና ሰሞን መንግሥት የዲያስፖራው ሁለተኛ ትውልድ አገሩን መጥቶ እንዲያይ ጥሪ አደረገ። በቴሌቪዥን ስሰማው ሁለተኛ ትውልድ የተባለው ጺሙን ያጎፈረ፣ ዲግሪ የደረደረ ጎረምሳ መስሎኝ ነበር። እኔ ቤት የመጣው ሁለተኛ ትውልድ ገና ዳይፐር አልጣለም። ታላቅ እህቱ አምስት ዓመቷ ነው፤ እሷም ብትሆን አገሯን ያየችው ታብሌቷ ባትሪ የጨረሰ ዕለት ብቻ ነው።

ልጄ ከዋሽንግተን ደውላ “አባዬ፣ ትልቅ መኪና ይዘህ ጠብቀን” አለችኝ።

“ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?”

“እኔና ልጆቹ ብቻ ነን።”

አንዲት ሴትና ሁለት ፍሬ ልጆች ለመጫን ሚኒባስ መከራየት ምን ይሉታል ብዬ ሳጉረመርም ሰነበትኩ። ቦሌ ስደርስ ገባኝ። ጋሪ አለ። ያኛው ጋሪ ሲሰለቸው የሚቀመጥበት ሌላ ታጣፊ ጋሪ አለ። የመኪና ወንበር አለ፤ ታጣፊ አልጋ አለ። ጡጦ በእንፋሎት የሚቀቅል ማሽን አለ፤ “እናትሽ እኮ ድስት አላት” ብል ማን ሰምቶኝ! ከሁሉም የገረመኝ ግን አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት። ሲጫኗት የዝናብ ድምፅ ታወጣለች፤ ልጁ ካለዚያ እንቅልፍ አይወስደውም አሉኝ። ሐምሌ ላይ ብትመጡ ኖሮ የቤቴል ቆርቆሮ በነፃ ባስተኛው ነበር አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ የመጡት ደክሟቸዋል፣ እኔም መቀለዴ አልነበረም።

ከዚያ የመኪናው ወንበር ነገር መጣ። ልጄ ወንበሩ ሳይታሰር መኪናው ንቅንቅ አይልም አለች። እዚያ አገር አራስ ልጅ እንኳ ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ሲሄድ ካለዚህ ወንበር መኪና ውስጥ አይገባምና እውነት አላት። የሚኒባሱ ቀበቶ ግን ከተበጠሰ ሰንብቷል። ሾፌሩ ፈገግ ብሎ ከጣሪያው ላይ ገመድ አወረደ፤ ወንበሩንም የልጅ ልጄንም አንድ ላይ ጠፍሮ እንደ ገና ሙክት አስሮ ጫነልን። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የመኪናው ሰልፍ አላላውስ ብሎን ስንቆም፣ አጠገባችን ያለው ታክሲ ረዳት በመስኮት አይቶት “ስንት ገዛችሁት?” አለን። ዐሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ከዋሽንግተን ሳያለቅስ የመጣው ልጅ ማልቀስ የጀመረው ያኔ ነው። ከሜክሲኮ ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች ቤቴል እስክንደርስ አላቋረጠም። ባቡርም ቢሆን አያድነንም ነበር። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ድረስ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ እኛ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ጦር ኃይሎች ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ሌሊቱን ልንገራችሁ? በገና ሰሞን ዋሽንግተን ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆነን ድብን ብለን ስንተኛ፣ ለልጁ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፤ እራት የሚበላበት፣ አያቱን ፈረስ አድርጎ የሚጋልብበት ሰዓት። ጋለበኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴና የመስጊዱ አዛን ተከታትለው ሲሰሙ እኔ ምንጣፍ ላይ በአራት እግሬ ነበርኩ። ለጸሎት የነቃሁ የመሰላቸው ጎረቤቶች ጠዋት ላይ አመሰገኑኝ።

በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። (አዎ፣ ይህን ማለቴ አይቀርም፤ ታገሡኝ።) በ1940ዎቹ እናቴ እኔን አዝላ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ስትመጣ ጓዟ አንድ አንቀልባና አንድ ስልቻ በሶ ነበር። ጋሪው ጀርባዋ ነው፤ አልጋውም ጀርባዋ ነው፤ ዝናብ የሚያዘንበው ሳጥንም “እሹሩሩ” የምትለው አፏ ነው። ጀርባዋ ሲዝል ደግሞ ከጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ ስሟን እንኳ ሳትጠይቅ “በይ አምጪው” ብላ ትቀበላታለች። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር፣ ከኋላ ወደ ወታደሩ፣ ከወታደሩ ወደ መነኩሲቷ። ሸዋሮቢት ላይ የጠፋሁ መስሏት እሪ ስትል ሾፌሩ ጭን ላይ መሪ ይዤ ተገኘሁ ይባላል። ይህኛው ለደኅንነት አይመከርም፤ እኔም አልመክርም።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ እናቶች የሚያውቁትን ዛሬ ልጄ ከስልኳ አንብባ መልሳ ለእናቷ ታስተምራለች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። “አባዬ፣ አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ጡጦ ልንሰጠው ይገባል፤ ጆሮውን እንዳያመው” ትለኛለች። እንዴታ! በደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ ያለው ጣሊያን የበሳው ዋሻ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋሮቢት ቆላ አውቶቡሱ ሲምዘገዘግ የአዋቂ ጆሮ እንኳ ይደፈናል። ያን ቁልቁለት የሚያውቁ እናቶች መኪናው ማጎንበስ ሲጀምር ሁሉም በአንድ ጊዜ ጡታቸውን ያወጡ ነበር። ጆሮንና ጉሮሮን የሚያገናኘው ቀጭን መተላለፊያ ልጁ ሲጠባና ሲውጥ ይከፈታል፤ አየሩ ይስተካከላል፤ ልጁም ዝም ይላል። ሐኪም አላማከሩም፤ ጣርማ በር አስተምሯቸው ነው።

እንዲያውም ስለ ከፍታ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር የሚታመቀው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሆኖ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 መጨረሻ ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ድሪምላይነር ደግሞ በ1,800ው ወገን ነው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው! የአዲስ አበባ ሕፃን ድሪምላይነር ውስጥ ሲገባ እንግዲህ ለሳንባው ቁልቁል ወረደ ማለት ነው። ከዋሽንግተን የመጣው የልጅ ልጄ ቦሌ ሲያርፍ የአውሮፕላኑ መሬት መንካት ለጆሮው አቀበት ነው። ይህን ለልጄ ሳስረዳት “አባዬ፣ አሁን ዳይፐሩን ያዝልኝ” አለችኝ። ሳይንስ በዚህ አገር ዕጣ ፈንታው ይኸው ነው።

ወደ ትኬቱ ልምጣ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እናቱ ጭን ላይ ይሄዳል፤ የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ ከአዋቂው ዋጋ አንድ ዐሥረኛውን ነው። ሁለት ዓመት የሞላው ዕለት ግን የራሱን ወንበር መግዛት አለበት። ልጄ በታኅሣሥ ስትመጣ ልጁን በጭን አመጣችው። ጥር ላይ እዚሁ ቤቴል ውስጥ ሻማ አጥፍቶ፣ ድፎ ዳቦ ተቆርሶለት ሁለት ዓመት ሞላው። ያ ሻማ ስንት ዶላር እንዳስወጣን አትጠይቁኝ። እኔ ግን ዝም ብዬ እጅ አልሰጠሁም፤ ፓስፖርቱን ይዤ ወደ ትኬት ቢሮ ሄድኩ።

“የኔ ልጅ፣ ይህ ፓስፖርት ልጁ በ2022 ተወለደ ይላል?”

“አዎ፣ አባባ።”

“አሁን በአገራችን ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?”

“2016።”

“እንግዲያው ልጁ ሊወለድ ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል። ላልተወለደ ልጅ ወንበር ያስከፍላሉ?”

የትኬት ቢሮዋ ልጅ በጣም ሣቀች፤ ሻይም ጋበዘችኝ። ሙሉውን አስከፈለችን። የተገዛው ወንበር ላይ እስከ ዋሽንግተን የተቀመጠው ማን ይመስላችኋል? የዝናቡ ሳጥን። ልጁማ ከእናቱ ጭን አልወርድም አለ።

ሸኚ ሆኜ እስከ ዋሽንግተን አብሬ የሄድኩት ባለቤቴን ጉልበቷን ስለሚያማት፣ ቪዛውም ስለነበረኝ ነው። የጉዞው ወሬ ቤቴል ውስጥ በተሰማ በማግስቱ የበራችን ደወል እረፍት አጣ። “የልጅቷ ኪሎ ሞልቶ ይሆናል፤ ሕፃኑ ግን ኪሎ አለው አይደል?” እያሉ ይገባሉ። አንዷ በርበሬ፣ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ድርቆሽ፤ አንደኛው ደግሞ ለወንድሙ ልጅ የአገር ባህል ልብስ። ትኬት የገዛ ሕፃን እውነትም እንደ አዋቂ የሻንጣ ድርሻ አለው። ዐሥራ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ግን ሁለት ዓመት በሞላው ሳምንት የግማሽ ሰፈር በርበሬ አስመጪና ላኪ ሆነ። ፍተሻው ላይ የእኔን የውኃ ላስቲክ ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ነው ብለው ጣሉብኝ፤ የሱን ወተት ለሕፃን ነው ብለው በክብር አሳለፉት። በርበሬ ላኪ መሆኑን ቢያውቁ!

አየር ላይ ከግድግዳው ጋር የምትያያዝ የሕፃን አልጋ አለች፤ የተሠራችው በትንንሽ ሕፃናት መጠን ነውና ለእኛው ጎረምሳ አልበቃችም። ከፊታችን ያለች እናት ግን አራስ ልጇን አስተኛችባት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አባብላ፣ ገና ዓይኑ ከደን ሲል አውሮፕላኑ ተንገጫገጨ፤ ደወል ተደወለ፤ ቀበቶ እሰሩ ተባለ። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ከአልጋው ወጥቶ እናቱ መያዝ አለባት፤ ሕጉ ነው፤ ልክም ነው። ተቀሰቀሰ። የእሱን ሰምቶ የኛው ተነሣ። የኛውን ሰምተው ከኋላ ያሉት መንታዎች ቀጠሉ። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ መነሣት ይከብደዋልና ለዓመታት እንደ ደብሊን ባለ ቦታ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። ያም ማለት ጆሮ ሁለቴ ይደፈናል፤ ጡጦም ሁለቴ ይወጣል።

ማዶ የተቀመጠ ጎልማሳ ጆሮው ላይ ትልልቅ ማዳመጫ ደፍቶ፣ ልጄን እየዞረ ይገላምጣታል። ልጆች እንዲያለቅሱ ያዘዘቻቸው ይመስል! አንተስ እናትህ ያመጣችህ በፖስታ ነው? ልለው ተነሥቼ ነበር፤ ልጄ ኮቴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ያዳኑን ነጠላ የለበሱ አንድ እናት ናቸው። ከኋላ መጡ፤ ስማችንን አልጠየቁም፤ “በይ አምጪው” አሉ። ተቀብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው አዘሉት። ልጄ አፏን ከፈተች፤ በጀርም ነገር አንድ ሁለት ቃል ልትናገር ነበር መሰለኝ። ሦስት ጊዜ በመተላለፊያው ሲመላለሱ ልጁ ተኛ። ልጄም ተኛች። የዝናቡ ሳጥን ብቻዋን ስታዘንብ አደረች።

ዋሽንግተን ስንደርስ የጓዝ ክርክሬን ትልቁን ጥይት ልጄ ላይ ተኮስኩ። “ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983ን ታውቂያለሽ?” አልኳት። በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ቦታ እንዲገኝ የአውሮፕላኖቹ ወንበሮች ተነቃቅለው ነበር፤ አንዱ ጃምቦ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ጫነ። አብዛኛው ሰው የያዘው የለበሰውን ልብስና ያዘለውን ልጅ ነው። ሰማይ ላይ የተወለዱም ነበሩ። ጋሪ የለ፣ ማሽን የለ! ልጄ ትንሽ አሰበችና “አባዬ፣ እነሱ እኮ ጓዝ ላለመያዝ መርጠው አይደለም፤ ያላቸውን ጥለው ነው የሄዱት” አለች። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ቢሆንም ጋሪ ሁለት ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄዬ እስካሁን አልተመለሰም።

እንዳያልቅ የለም፤ ይኸኛው ጉዞ አለቀ። የወደፊቱን ሳስብ ግን ላብ ያጠምቀኛል። ድሮ የአውሮፕላን ማረፊያው ልደታ ነበር፤ ለእኛ ለምዕራብ አዲስ አበባ ሰዎች ደጃፍ ማለት ነው። ጄት መጣና ማኮብኮቢያው አጠረ ተባለ፤ ወደ ቦሌ ሄደ። አሁን ደግሞ ቦሌ ጠበበ ተብሎ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግዙፍ ሌላ ሊሠራ ነው። እሰየው፤ አገር ሲያድግ አልቃወምም። ነገር ግን ኤርፖርቱ በየዘመኑ ከቤቴል እየሸሸ መሆኑን የሚመለከተው ክፍል ልብ ይበልልኝ።

ልጄ ደግሞ ትናንት ደውላ ሦስተኛ እንደምትጠብቅ ነገረችን። እናቷ እልል አለች፤ እኔ ወገቤን ያዝኩ። ስለዚህ የተከበራችሁ የቤቴል ጎረቤቶቼ፣ ከወዲሁ ልለምናችሁ፦ አዲሱ ልጅ የሚሄደው በጭን ነው፤ የበርበሬ ኪሎ የለውም።