ያልተቆጠረ አልሞተም

የአሜሪካ መንግሥት በዓሣ ነገር ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ አንዱን ትልቅ ሥራ የሚያመሰግን ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህ እኔ ከዳላስ ልጀምርለት። ሥራው አለመቁጠር ነው። አለመቁጠር ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዝም ብሎ አለመቁጠር ስንፍና ይባላል፤ በሕግ፣ በደንብ፣ በቅጽና በየአምስት ዓመቱ በሚደረግ ግምገማ ተደግፎ አለመቁጠር ግን አስተዳደር ይባላል።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሽሪምፕ የሚያጠምድ መርከብ መረቡን በባሕሩ ወለል ላይ ለሰዓታት እየጎተተ ይሄዳል። (ባሕረ ሰላጤው ከጥር 2025 ወዲህ በዋሽንግተን ትእዛዝ ስሙ ተቀይሯል። ስም ለመቀየር አንድ ፊርማ እንደበቃ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።) መረቡ ሲወጣ ከሽሪምፑ ጋር ክራቡ፣ ክሮከር የሚባለው ዓሣ፣ ገና ጣት የሚያህለው የቀይ ስናፐር ግልገል ሁሉ ተጠራርጎ ይወጣል። በሚዛን ቢቀመጥ ካልተጠራው እንግዳ የተጠራው ያንሳል። ሠራተኞቹ ሽሪምፑን ለቅመው የተረፈውን ወደ ባሕር ይመልሱታል፤ የሚመለሰው አብዛኛው ሞቶ ነው። ይህንን በኦሪት ዘሌዋውያን ዓይን ለሚያይ ሐበሻ ደግሞ ነገሩ ይብስበታል፦ ክንፍና ቅርፊት ያለው ንጹሑ ዓሣ ሬሳው ይጣላል፣ ክንፍም ቅርፊትም የሌለው ግን በበረዶ ተሸፍኖ የአምስት ሰዓት ያህል መንገድ ተጉዞ ዳላስ ይገባል። ሙሴ ይህን ቢያይ ጽላቱን ለሁለተኛ ጊዜ ይሰብር ነበር።

ኮንግረስ ግን ዝም አላለም። በ1996 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ መቀነስ የወደደ ይቀንስ) የማግነሰን–ስቲቨንስን የዓሣ ሀብት ሕግ ሲያሻሽል ሁለት ነገር አዘዘ። ሳይታሰብ የሚያዘው ዓሣ «በተቻለ መጠን» ይቀነስ አለ፤ እያንዳንዱ የዓሣ ሀብት ዕቅድም ይህንኑ የሚመዘግብበትና የሚያሳውቅበት ወጥ ዘዴ ይኑረው አለ። «በተቻለ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ያስገባው ሰው ማን እንደሆነ ቢታወቅ ሐውልት ይገባው ነበር። ወጥ ዘዴ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያብራራው ደንብ ደግሞ በጥር 2017 ወጣ። ሕጉ በጸደቀበት ዓመት እዚህ ጋርላንድ የተወለደ ልጅ ደንቡ ሲወጣ ኮሌጅ ገብቶ ነበር። ለዕቅዶቹ ከደንቡ ጋር እንዲስማሙ ተጨማሪ አምስት ዓመት ተሰጣቸው፤ እስከ የካቲት 2022። መቼስ መቻኮል ለዓሣም አይበጅም።

ሃያ ዓመት ተጠብቆ የመጣው ደንብ ምን ይላል? ወጥ ዘዴ ማለት ሳይታሰብ ስለተያዘው ዓሣ መረጃ የሚሰበሰብበት፣ የሚመዘገብበትና የሚቀርብበት የጸና አሠራር ነው ይላል። ዘዴው በወጪም፣ በቴክኒክም፣ በአሠራርም የሚቻል ይሁን ይላል። ቁጥሩ ከእውነቱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚፈቀድለት ግን የወሰነው ልክ የለም፤ እርግጠኛ አለመሆኑ «ግምት ውስጥ ይግባ» ብሎ ያልፋል። ዕድሜ ለዚህ ደንብ! ከእንግዲህ ስህተቱም ወጥ ሆኖ ይመዘገባል።

መርከብ ላይ ወጥተው የተያዘውን ወደሚመዘግቡት ታዛቢዎች እንምጣ። በባሕረ ሰላጤው የሽሪምፕ መርከብ ላይ ታዛቢ መጫን በ1992 በፈቃደኝነት ተጀመረ፤ ግዴታ የሆነው በ2007 ነው። ዛሬ ታዛቢ የሚያየው ከጠቅላላው የማጥመድ ሥራ 2 በመቶ ገደማውን ነው። ያንንም ቢሆን ዓሣ በዓሣ አይቆጥርም፤ ይህ ከሰው አቅም በላይ ነው። ከመረቡ ናሙና ወስዶ ይለያል፣ ይመዝናል፣ ይጽፋል። ከዚያ የሒሳብ ሊቃውንት ያቺን ናሙና በመረቡ፣ መረቡን በጉዞው፣ ጉዞውን በባሕረ ሰላጤው ሁሉ ያባዙታል። ታዛቢዎቹን በሙሉ ልቤ አከብራቸዋለሁ፤ ለሳምንታት በማዕበል እየተናጡ፣ ሌሊት ተነሥተው የበሰበሰ ዓሣ የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው። የማሾፈው ሁለቱን በሚያዩት ሳይሆን ዘጠና ስምንቱ አልጎደለብንም በሚሉት ነው።

እዚሁ ዳላስ ታክሲ ወይም ኡበር የሚሠራ ወገን የኖርዝ ቴክሳስ ቶልዌይን ጠባይ ያውቃል። ቶልታግ ሳይኖርህ በጆርጅ ቡሽ ተርንፓይክ እለፍ፤ ታርጋህ በካሜራ ተነሥቶ ሒሳቡ በፖስታ እቤትህ ድረስ ይመጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይሁን፣ ዝናብ ይሁን፣ ካሜራው አያንቀላፋም። ከመቶ መኪና ሁለቱን ብቻ አንሥተን የቀረውን በስሌት እናስከፍል ያለ መሐንዲስ እስካሁን አልተገኘም። ለካ በዚህ አገር አንድም ሳይቀር መቁጠር ይቻላል፤ የሚቆጠረው ሳንቲም ከሆነ።

አሁን የሥራው ሁሉ ዘውድ ወደሆነው ዘመናዊነት ልግባ። የባሕረ ሰላጤው የሽሪምፕ መርከቦች በከፊል ኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ የሚባል ሳጥን ይጫንባቸዋል። ሳጥኑ መርከቡ ያለበትን ቦታ በየ10 ደቂቃው ይመዘግባል። ከዚያ ፍጥነቱ ተሰልቶ መርከቡ መቼ መረብ ይጎትት እንደነበር፣ መቼ ዝም ብሎ ይጓዝ እንደነበር ይለያል። ሳጥኑ አንድም ዓሣ አያይም፤ የሚቆጥረው ሰዓት ነው። የስናፐር ግልገሎቹ ዕጣም በዚሁ ሰዓት ላይ ይንጠለጠላል፦ መረብ የተጎተተበት ጊዜ ከተወሰነው ካላለፈ የሞቱት ግልገሎችም አላለፉም ይባላል። እሺ፣ ይሁን፤ ከምንም ይሻላል። መረጃው መርከቡ ወደ ወደብ ሲቃረብ በሞባይል ኔትወርክ እንዲላክ ተደርጎ ተሠራ። ኔትወርኩ 3ጂ ነበር። በታኅሣሥ 2020 ያ ኔትወርክ ተዘጋ፤ መዘጋቱም ድንገት የወረደ መቅሠፍት ሳይሆን አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነበር። ሳጥኖቹ ግን መረጃቸውን መላክ አቅቷቸው ቀሩ።

ታዲያ ምን ተደረገ? የመርከቡ ባለቤት የማስታወሻ ካርዷን ከሳጥኑ ይንቀላትና በፖስታ ይላካት ተባለ። ይህ የሆነው ኤቲ ኤንድ ቲ ከዳላስ መሃል ሆኖ ዓለምን በሚያገናኝበት፣ አጠገባችን ሪቻርድሰን የቴሌኮም ኮሪደር እየተባለች በምትኮራበት ግዛት ባሕር ላይ ነው። ሌላው ዓለም ከደብዳቤ ወደ ሳተላይት ሲሄድ እነርሱ ከሞባይል ኔትወርክ ወደ ደብዳቤ ተመለሱ። የእርግብ ማኅበር ካለ ይዘጋጅ፤ ቀጣዩ ማሻሻያ የእርሱ ነው።

ኤሊዎቹንማ ማንሣት አልፈለግሁም ነበር፤ ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን ተብሏል መሰለኝ። ግን ቁጥሩ ያስቀናል። የብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አጥኚዎች በ1990 በሽሪምፕ መረብ በየዓመቱ የሚሞቱት ሎገርሄድ ኤሊዎች ከ5,000 እስከ 50,000 ይሆናሉ ብለው ገመቱ፤ ኬምፕስ ሪድሊ የተባሉት ደግሞ ከ500 እስከ 5,000። አጥኚዎቹን አልወቅስም፤ ሳይቆጠር የኖረ ነገር ሲገመት መሃሉ እንዲህ ይሰፋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በሐምሌ 1989፣ ኤሊ የሚያመልጥበት በር በመረባችሁ ላይ አድርጉ የተባሉ አጥማጆች መርከባቸውን ደርድረው አራንሳስ ፓስን ዘጉ። በሩ ግን ሥራውን ሠራ፤ ብዙ ኤሊ አዳነ። ቴክሳስም በ2013 ኬምፕስ ሪድሊን የግዛቷ የባሕር ኤሊ ብላ ሾመችው። ከመረብ ያመለጠ ሁሉ ሹመት ባገኘ!

ፍርድ ቤቶችም የድርሻቸውን አዋጥተዋል። ቴክሳስን የሚዳኘው አምስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በየካቲት 2023 ለኪራይ የሚወጡ የባሕረ ሰላጤው የዓሣ ጀልባዎች መከታተያ ይግጠሙ፣ የያዙትንና የጣሉትን በኤሌክትሮኒክ ያሳውቁ የሚለውን ደንብ ሻረ። በሰኔ 2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሄሪንግ አጥማጆችን ክስ መነሻ አድርጎ 40 ዓመት የቆየውን፣ ሕግ ግልጽ ባልሆነበት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ትርጓሜ ያስከብር የነበረውን የቼቭሮን መርሕ አፈረሰ። የክሱ ሥር ጀልባው ላይ ለሚወጣው ታዛቢ በቀን 710 ዶላር ገደማ ማን ይክፈል የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አጥማጅ ብሆን እከስ ነበር። ከውጭ በሚገባ ርካሽ ሽሪምፕ ዋጋው ለተሰበረበት ሰው የሚቆጥርህን ሰው ደመወዝ ራስህ ክፈል ማለት ግፍ ነው። ባሕሩ የሕዝብ፣ ዓሣው የሕዝብ፣ ሕጉም የሕዝብ ከሆነ ቆጣሪው በአጥማጁ ኪስ የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የአምስት ዓመት ግምገማ ምክሬን በነጻ እለግሳለሁ። ታዛቢዎቹን ከሁለት በመቶ ወደ ዜሮ አውርዷቸው፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነውና በባሕረ ሰላጤው የሚሞት ዓሣ አይኖርም። ይህ ከከበደ ስሙን ቀይሩት፤ ቀድሞ እንዳልኩት ስም መቀየር ፈጣን ነው። «ሳይታሰብ የተያዘ» መባሉ ቀርቶ «ቀኑ የደረሰበት» ይባል። ማን ይከሳል?

እኛም በሰው አገር ገመና ስቀን አንጨርስም። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በክብደት በ75 በመቶ እንዳሽቆለቆለ የታወቀው አጥኚዎች ራሳቸው መረብ ጥለው፣ ጎትተው፣ ስለቆጠሩ ነው። የዓሣ ሀብት አዋጃችን ቁጥር 315 የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በእኛ በ1995 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልዩነቱ የእኛ ውሻ በፖስታ አለመጮኹ ነው።

ሽሙጡን ልተወውና አንድ ነገር ልናገር። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በመንጠቆ የወለል ዓሣ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ከ2006 ጀምሮ ታዛቢ ካልጫኑ ሁሉም ካሜራ ይዘው ነው የሚወጡት፤ አጥማጁ የጻፈው ከካሜራው ጋር ይመሳከራል። የሽሪምፕ መረብ ሺዎቹን ባንድ ጊዜ ስለሚዘረግፍ ካሜራ ብቻውን አይበቃውም፤ በመንግሥት ወጪ የሚሠማሩ ብዙ ታዛቢዎች ያስፈልጉታል። የባሕረ ሰላጤው የዓሣ ሀብት አስተዳደር ምክር ቤት ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ከዳላስ ሆኖም በጽሑፍ አስተያየት መላክ ይቻላል። ሽሪምፕ የምትበሉ ስለምትበሉት፣ የማትበሉም ስለሚጣለው ጻፉላቸው፤ ዘጠና ስምንቱን ማን አየው ብላችሁ ጠይቁ።