የግራኞች የመጀመሪያ ክራር አመራረጥ አዋጅ ቁጥር 6/2017

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከወሎ ሰፈር እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ጎሮ፣ ከመገናኛ እስከ ሰሚት ለምትኖሩ፣ በግራ ጽፋችሁ በቀኝ ለምትጎርሱ ግራኞች ሁሉ፤

በደጉ ዘመን ማዕረግ ሲደረደር ግራዝማች ከቀኛዝማች በታች የተቀመጠ በመሆኑ፤

በ1956 ዓ.ም. መኪና ሳይቀር ግራውን ትቶ ቀኙን ይዞ እንዲሄድ የተደረገ በመሆኑ፤

ሰው ሲቸገር «ግራ ገባኝ» እንጂ «ቀኝ ገባኝ» ሲል ተሰምቶ የማያውቅ በመሆኑ፤

በግራ እጅ የቀረበ ጉርሻ እንኳን ሊጎረስ ሊታይም የማይገባው ተብሎ ስለሚቆጠርና እኛም ይህን ከእናቶቻችን ዱላ ጋር የተማርን በመሆኑ፤

ከሁሉም በላይ አንድ የሰሚት ኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሆነ ወጣት ወገናችን «ጀርባው ክፍት የሆነ የጀማሪ ባንጆ፣ ለግራኝ የሚሆን» እንዲልክለት ቨርጂኒያ ያለ አጎቱን ለምኖ አጎትየውን ግራ ስላጋባ፤

እኛ ግራ የገባን የምሥራቅ አዲስ አበባ ግራኞች ገርጂ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተሰብስበን፣ ዝናብ ሦስት ጊዜ ካስነሣን በኋላ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የግራኝ ክራር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅሙን ርእስ በቃል የያዘ ሰው ቢገኝ አይከለከልም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ «ግራኝ» ማለት ግራ እጁ የሚቀናው ማንኛውም ሰው ነው። ኢማም አሕመድ ስሙን ጠቅልለው የራሳቸው አድርገውት ቢቆዩም ቃሉ ለሁላችንም ይበቃል። «ክራር» ማለት ገበቴው ላይ ቆዳ የተወጠረበት፣ ሁለት ቋሚና አንድ ቀንበር ያለው፣ ስድስት ክር የሚሸከም፣ ሲመታ የሚጮኽ ዕቃ ነው። የማይጮኸው በአንቀጽ 4 ይዳኛል።

አንቀጽ 3። ስለ ባንጆ

ባንጆ ባዕዳችን አይደለም። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይዘውት የሄዱት የቅልና የቆዳ ጥበብ ነው አሜሪካ ሄዶ ባንጆ የሆነው። ቆዳ ለብሶ ክር መሸከሙም ከክራር ጋር ያዛምደዋል። ነገር ግን ለግራኝ ጀማሪ ክፉ ጣጣ አለው። አምስተኛው አጭር ክር መቃኛው አንገቱ መሐል ላይ፣ ለቀኝ ሰው አውራ ጣት በሚመች ጎን ተሰክቷል። ባንጆውን ገልብጠህ ብትይዘው ያ ክር ከታች ይሆንና አውራ ጣትህ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም። ስለዚህ ለግራኝ አንገቱ ራሱ ሌላ ሆኖ መሠራት አለበት። እንዲህ ያለ የጀማሪ ባንጆ የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ፤ ዲሪንግ አንዱ ነው። ከዚያ ግን ሻንጣውም፣ ቀረጡም፣ የአጎት ልብም አለ።

አሜሪካዊቷ ኤልሳቤጥ ኮተን ግራኝ ነበሩ። በልጅነታቸው የወንድማቸውን የቀኝ ባንጆ ገልብጠው ይዘው ተለማመዱ፤ ኋላም ጊታሩን እንዲሁ ገልብጠው በመጫወት በዓለም ታወቁ። ሆኖም በእሳቸው ማመካኘት የሚፈቀደው እንደ እሳቸው መጫወት ለቻለ ብቻ ነው።

የሰሚቱ ወጣት ጥያቄ በዚህ ተዘግቷል። ክራር ይግዛ።

አንቀጽ 4። ስለ ግዢ

ጉባኤው አንድ አባሉን፣ ማለትም የዚህን አዋጅ ጸሐፊ፣ ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ወዳለ የባህል ዕቃ መደብር ልኮ አስጠንቷል። ግድግዳው ላይ ክራር በክራር ነው። ገበቴው ላይ ንግሥተ ሳባ ተሥላለች፣ ከቀንበሩ ዛጎል ተንጠልጥሏል። አንዱን ክር ነካ ባደርገው ድምፅ የለም፤ ሁለተኛውን ነካሁት፣ ወለቀ።

«ይኼ አይጮኽም እንዴ?» አልኩት ልጁን።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ለሳሎን ነው» አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ። «የሚጮኸው በትእዛዝ ነው።»

«ግራኝ ነኝ፤ ለግራኝ የሚሆን አላችሁ?»

ትንሽ አሰበና፣ «አለ ጋሼ! ግን ዋጋው ጨመር ይላል» አለኝ። ከጓዳ ያወጣው ከግድግዳው ጋር መንትያ ነው። ልዩነቱን ስጠይቀው፣ «ያው ገልብጠው ይያዙታ!» አለ።

ጉባኤው ይህን ቃል ሲመረምር አሳፋሪ ነገር ተገኘ፤ ልጁ በዋጋው ቢዋሽም በነገሩ ልክ ነበር። የክራር ሁለት ቋሚዎች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። እንደ ባንጆ መሐል ላይ የተሰካ መቃኛ፣ እንደ ጊታርም ፍሬት ያለበት አንገት የለውም። ስድስቱን ክሮች ፈትቶ ቅደም ተከተላቸውን ማዞር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ «የግራኝ ክራር» ብሎ ዋጋ መጨመር ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ ነው።

ጀማሪ የሚገዛው ለጆሮ እንጂ ለሳሎን የተሠራውን ይሁን። ቆዳው ያልተጣፈ፣ በጣት ሲያንኳኩበት እንደ ከበሮ መልስ የሚሰጥ ይሁን። ብርኩማው ሲነካ አይንሸራተት። ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ወይም በጠፍር የተጠቀለለው የጥንቱ መቃኛ ያምራል፤ ለጀማሪ ግን የጊታር መቃኛ የተገጠመለት ይሻላል፤ ይህን ስንል የጥንቱን የሚወዱ ሦስት አባላት ስብሰባውን ረግጠው ወጥተዋል። ክራሩን አስቃኝተህ ማኪያቶ ጠጥተህ ተመለስ። ድምፁ ትንሽ ከወረደ አዲስ ክር ነው፣ ይለጠጣል። ጨርሶ ከተፈታ መቃኛው አይዝም፣ ለባለቤቱ መልስለት።

አንቀጽ 5። የእጆች ሥልጣንና ተግባር

ጉባኤውን ለሁለት የከፈለው ይህ አንቀጽ ነው። «ክሩ ይዙር፣ መብታችን ነው!» ያሉ ነበሩ። ከዚያ አንድ ክራር የሚያውቁ አዛውንት እንዲህ ሲሉ አስረዱ፦ ክራር በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ መግረፊያውን ይዞ ስድስቱንም ክር አንድ ላይ ይገርፋል፤ አይመርጥም፣ አያስብም። የትኛው ይጩኽ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚለውን የሚቆርጠው ከኋላ ያለው ግራ እጅ ነው። ጣቶቹን ክሮቹ ላይ አሳርፎ የማይፈለጉትን ያፍናል፣ የተፈለገውን ይለቃል። ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ፣ አንቺ ሆዬው የሚወጣው በግራ እጅ ፈቃድ ነው። ቀኝ እጅ ማኅተም መቺ፣ ግራ እጅ ኃላፊ ማለት ነው።

በገናማ ይብሳል፤ ድሮም የሚደረደረው በግራ እጅ ጣቶች ነው።

በረንዳው ጸጥ አለ። አርባ ዓመት ሙሉ የተበደልን መስሎን ስናማርር አገሩ ዋናውን ሥራ ለግራ ሰጥቶ ቁጭ ብሏል ለካ! ስለዚህ ግራኝ ጀማሪ ክራሩን መምህሩ እንደሚይዘው ይያዝ። ሦስት ወር ይሞክር። እንዲያ ሲይዝ የመምህሩን ጣት በቀጥታ ይከተላል፣ ዘፈን ቤት ገብቶ የማንንም ክራር ቢያነሣ አያፍርም። ከሦስት ወር በኋላም የቀኝ እጁ ግርፍ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ከሆነ ክሩን ያዙር፤ ማንም አይጠይቀውም።

አንቀጽ 6። ስለ ክረምት

ዓለም የግራኞች ቀን ብሎ የሚያከብረው ኦገስት 13 በእኛ ነሐሴ 7 ላይ ይውላል። ይህ ማለት የክራር ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ የሚላላበት፣ ቅኝቱ በየሰዓቱ የሚወርድበት፣ በዚያ ላይ ጾመ ፍልሰታ የገባበት ሳምንት ነው። ቀኑን የመረጠው አካል ቀኝ እንደሆነ ያስታውቃል። ሆኖም ክራሩን ከሲሚንቶ ግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል በረንዳ ላይ ጥቂት ማሞቅ ግዴታ ነው። ምጣድ አጠገብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። በፍልሰታ ክራር እየመታ ፎቅ ላይ ያሉ እማሆይን የሚያስቀይም አባል ጉዳዩን ከእሳቸው ጋር ራሱ ይጨርስ።

አንቀጽ 7። የተሻሩ ልማዶች

ልጅ እርሳስ በግራ ሲይዝ እጁን መምታት ተሽሯል። የጉርሻው ጉዳይ አልተሻረም፤ እናቶቻችንን እንፈራለን።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ስለማይወጣ የካፌው ሒሳብ ከተከፈለበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ገርጂ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

በቀኝ እጅ ተፈረመ፤ ግራው ክር ላይ ነው።