ዝም ያለ ክፍል ይነቅዛል

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን ስለ ዜግነትና ስለ ዴሞክራሲ ወግ በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል ይወረወርና ጨዋታው እዚያው ይዘጋል። ዛሬ የተወረወረውን ሁሉ እየቀለብኩ ልመልስ።

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ!»

ኮረንቲ የሚገድለው የማያውቀውን ነው፤ የሚያውቀውማ መብራት ያስገባበታል። ለመሆኑ መምህሩ መቼ ርቆ ያውቃል? በየካቲት 1966 ታክሲ ነጂው ሥራ ሲያቆም መምህሩም አብሮ አቁሟል። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ የድሃውን ልጅ ከታች ክፍል ያስቀረዋል ብሎ ተቃወመ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። ከክፍል መራቅ ያለበት የፓርቲ ቅስቀሳ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ዜግነት ግን ከክፍል ከራቀ ወዴት ሊጠጋ ነው?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!»

ሰማዩስ ዛሬም አይታረስ፤ ሹሙ ግን ይጠየቃል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ተጠያቂ ይሁን ይላል። ለሠልጣኙ ደግሞ የመጀመሪያው ሹም ፊቱ የቆመው አስተማሪ ነው። «ይህን ውጤት ለምን አገኘሁ?» ያለች እጩ መምህርት «ምላሰኛ» ከተባለች፣ ነገ የራሷ ተማሪ ሲጠይቃት የምትመልሰው ያንኑ ነው። የፈተና ወረቀት መልሶ ማሳየት፣ ነጥብ የተቆረጠበትን ምክንያት መናገር፣ የተሳሳተውን ማረም፤ የሕግ የበላይነት ከዚህ ይጀምራል።

«ዝም አይነቅዝም!»

ዝም ያለ ሰው አይነቅዝ ይሆናል፤ ዝም ያለ ክፍል ግን ይነቅዛል። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ 11 እሴቶች ነበሩት፤ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ ከሕግ የበላይነት፣ ከእኩልነትና ከፍትሕ ተነሥቶ እስከ ቁጠባና ዕውቀትን መሻት ይደርሳል። ስንቱ ተማሪ ነው ሁሉንም በቃሉ ሸምድዶ ፈተናውን ያለፈው! «ንቁ ማኅበራዊ ተሳትፎ» የሚለውንም ምዕራፍ እጁን አጣጥፎ ነው የጨረሰው። እጩ መምህሩ በተግባር ልምምዱ ጊዜ የሚያከራክር ጥያቄ ይዞ ክፍል ፊት ይቁም። ሁለቱንም ወገን ማስደመጥ፣ ማስረጃ መጠየቅ፣ ክርክሩ ወደ ስድብ ሲያዘነብል መመለስ ይልመድ። ይህ ሙያ ነው፤ ያለ ልምምድ አይመጣም።

«ልጅ ያለ ዱላ አይቀናም!»

ጋሼ፣ ይህንን ሕጉም አይቀበልልዎትም። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አላቸው ይላል። አርጩሜ በብብቱ ሸጉጦ ሰሌዳው ላይ «ሰብአዊ መብት» ብሎ የሚጽፍ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ትምህርት ይሰጣል፤ ልጁ ጽሑፉን ገልብጦ አርጩሜውን ይዞ ያድጋል።

«እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ዜግነት የሥነ ዜጋው መምህር ጣጣ ነው!»

ድምፅ የሚቆጠረው በምን ሆነና? የክፍል አለቃ ሲመረጥ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቁጠሩ፤ መቶኛውን አስልተው ይለጥፉ፤ የተሸነፈውም ያሸነፈውን ይጨብጥ። ከዚህ የተሻለ የሒሳብ መልመጃ አላውቅም። ሴቷን ልጅ ወደ ሰሌዳ የማይጠራ የሒሳብ መምህር ስለ እኩልነት እያስተማረ ነው፤ ክፉውን እያስተማረ። በአነጋገሯ ሲሳቅባት ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ የፊዚክስ መምህርም እንዲሁ።

«መንግሥት ሲለወጥ መጽሐፉም ይለወጣል፤ ምን አደከመን?»

ይህኛው እውነት አለበት። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ፣ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት፣ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር፣ አሁን ደግሞ የዜግነት ትምህርት ተባለ። ስሙ ተለዋወጠ፤ አንዱ ተናጋሪ ሌላው ገልባጭ የሆነበት ክፍል ግን እንዳለ አለ። ደጋግመን መጽሐፍ ቀየርን፤ አሁን መምህሩን እናብቃው። ሀገርን ከመንግሥት፣ መንግሥትን ከፓርቲ ለይቶ የሚያስረዳ መምህር መጽሐፉ ቢለወጥም አይናወጥም፤ ተማሪዎቹም የየዘመኑን መፈክር መርምረው ይቀበላሉ ወይም ይጥላሉ።

«ጎመን በጤና!»

ፍርሃቱን አልንቅም። ደመወዙ ወር የማያደርሰው፣ ክፍል ውስጥ ያነሣው ሐሳብ በግምገማ የሚመጣበት መምህር አፉን ቢይዝ አይፈረድበትም። የሚፈረደው ባስያዙት ላይ ነው። ቅጥር፣ እድገትና ዝውውር በሙያ ብቻ ይመዘን። በሥርዓት ተዘጋጅቶ የሚያከራክር ርዕስ ያስተማረ መምህር ከርዕሰ መምህሩም ከትምህርት ቢሮውም ጥበቃ ያግኝ። ነጻነቱ ያልተከበረለት መምህር ነጻነትን አስተምር ቢባል ከየት ያመጣዋል?

እንግዲህ የኮሌጅ ዲኖች፣ ነገሩ ከእናንተ ደጅ ይጀምራል። የሠልጣኞችን ምክር ቤት ሠልጣኞቹ ይምረጡት፤ ስለ መኝታ ክፍሉ፣ ስለ ምግቡና ስለ ቅጣቱ ደንብ ሲወሰን ድምፅ ይኑረው። አሠልጣኞች፣ ስለ ውይይት ሁለት ሰዓት ሌክቸር አትስጡ፤ ተወያዩ። እጩ መምህራን፣ እናንተም ጠይቁ፤ ስትጠየቁም አትቆጡ። የነገው መራጭ፣ ዳኛና ሹም ዛሬ አንደኛ ክፍል ገብቶ እናንተን እየጠበቀ ነው። እስኪ ከነገው ክፍለ ጊዜ ጀምሩ።