«ቀዳዳውን እንክፈትልህ»

አርባ ምንጭ ውስጥ ከቀትር በኋላ በእግሩ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣውን ዳገት የጨረሰ ሰው ፊቱ በላብ ታጥቦ ነው የሚደርሰው። እንግዲህ ለዚህ ሰው ምን ይሻለዋል? ቀዝቃዛ ውኃና ጥላ እንዳትሉኝ! የሚሻለው ወደ ውበት ሳሎን ገብቶ፣ ከፍሎ፣ ፎጣ ተከናንቦ በእንፋሎት መቀቀል ነው። «የፊትህ ቀዳዳ እንዲከፈት» ይሉታል። የአርባ ምንጭ ፀሐይ በነፃ ስለምትቀቅለው ዋጋ የላትም።

የቆዳ ቀዳዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ የለውም። ተፈጥሮ የረሳችውን ሳሎኑ አሟልቶታል፤ በእንፋሎት ይከፍታል፣ ቶነር በሚሉት ፈሳሽ ይዘጋል፣ ለሁለቱም ያስከፍላል። በር የሌለውን ከፍቶ መዝጋት ትልቅ ሙያ ነውና ቢከፈልበት አይገርምም።

አፍንጫ ላይ ያሉት ጥቁር ነጥቦች ደግሞ «ቆሻሻ» ተብለዋል። ከወዝ ዕጢ የወጣ ቅባት አየር ሲያገኘው ስለሚጠቁር ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። በፊትና በራስ ቅል ቆዳ ላይ በአንዲት ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ400 እስከ 900 የሚደርሱ ዕጢዎች ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ ዛሬ ተጨምቆ የወጣው በወሩ ተመልሶ ይሞላል። ደንበኛ የማያልቅበት ንግድ ማለት ይኼ ነው። እናቶቻችን ፊቱ ወዝ ያለውን ልጅ ሲያዩ «ተመስገን፣ ጤና አለው» ይሉ ነበር። ወዙን በዱቄት የሚያደርቅላቸው ሳሎን አልነበረምና ይቅር እንበላቸው።

ብጉር ያወጣ ጎረምሳም መፍትሔ አላጣም። ሆርሞኑ የወዝ ዕጢውን ስላተጋው ነው የሚለውን ትቶ፣ ማታ የጥርስ ሳሙና፣ ጠዋት ሎሚ ይለቀለቃል። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል እንደሚችል የሚማረው ገበያ ደርሶ ሲመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ጨዋታ ነው። ዋናው ብልሃት ማዲያት የሚያጠፋው፣ ብጉር የሚያደርቀውና ፊት የሚያቀላው ሦስት በአንድ ክሬም ነው። አንዳንዱ ላይ ክሎቤታሶል ወይም ሃይድሮኪኖን የሚል ተጽፎበታል፤ አንዳንዱ ስም በሌለው ብልቃጥ ተቀላቅሎ ይሸጣል። ሜርኩሪ ያለበትም ይገኛል፤ እሱ ከፊት አልፎ ኩላሊት ድረስ ይወርዳል። ክሎቤታሶል ሐኪም የሚያዝዘው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥ ይሠራል! ፊቱ ይጠራል፣ ጎረቤት ይቀናል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ብቅ ይላሉ፣ አዲስ ብጉር ይፈላል። ሲተዉት ደግሞ ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ይለበልባል። ተጠቃሚዋ «ያለ እሱ አይሆንልኝም» ብላ ትገዛለች። የሚያቆስለውም የሚያስታግሰውም ያው ብልቃጥ ሲሆን ማስታወቂያ ምን ያደርጋል?

ከሴቻ ቁልቁል ሲያዩት አባያ ሐይቅ ደለሉን ይዞ ቡናማ ነው፤ ከእግዜር ድልድይ ማዶ ያለው ጫሞ ጠራ ይላል። እስካሁን «አባያን እናቅላው» ያለ ባለሳሎን አልሰማሁም። ምናልባት ፊቱ ሰፍቶባቸው ይሆናል።

ክሬሙን ያልጀመራችሁ፣ ለፊታችሁ ለስላሳ ሳሙና፣ ውኃና ከፀሐይ የሚከልል ባርኔጣ ይበቃችኋል። የጀመራችሁ ግን ቀልዱን ተዉትና ስሙኝ፤ ብልቃጡን ደብቃችሁ አትጣሉ፣ ሌላ ክሬምም አትደርቡበት። ይዛችሁት ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱና ምን ስትቀቡ እንደቆያችሁ ሳታፍሩ አሳዩት።