ጉንፋንን በላብ የማፍራት ዘዴ

ሦስት ሳምንት እንደ በሬ ለፍቶ በአራተኛው ብርድ ልብስ ውስጥ መጠቅለል በዕድል ብቻ አይገኝም፤ ዘዴ ይጠይቃል። የጀማሪዎች ስሕተት ነገሩን ሁሉ ለሩጫው መተው ነው። በእርግጥ ሩጫም የራሱን ድርሻ ሳያዋጣ አይቀርም። በ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቧቸው) በኬፕታውን የቱ ኦሽንስን 56 ኪሎ ሜትር ከሮጡትና ከተጠየቁት ሰዎች 33 በመቶ ያህሉ በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት የጉንፋን ምልክት ታይቶብናል ብለዋል። አብረዋቸው በአንድ ቤት ከሚኖሩት፣ ካልሮጡት ግን 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው እንዲህ ያሉት። ከ1987ቱ የሎስ አንጀለስ ማራቶን በኋላም በነበረው ሳምንት ታመምን ያሉት ከሮጡት 12.9 በመቶ፣ ተመዝግበው ሳይሮጡ ከቀሩት ደግሞ 2.2 በመቶ ነበሩ። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ግን ገልብጠው ይዩት። ሎስ አንጀለስ ላይ ከሮጡት መቶ ሰዎች ሰማንያ ሰባቱ ምንም አልሆኑም። ሩጫ ብቻውን አያስተማምንም ማለት ነው።

ስለዚህ ሩጫውን ማገዝ ግድ ይላል። ያለፈው ሳምንትዎ 30 ኪሎ ሜትር ከነበረ የዚህኛውን 70 ያድርሱት። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የሰበሰባቸው ባለሙያዎች በ2016 ጫናን ድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል ብለው ነበር፤ እነሱ ግን የጻፉት ጤና ለሚፈልግ ሰው ነው። “የእንጦጦና የሱሉልታ አትሌቶች ከዚህ እጥፍ ይሮጡ የለም ወይ?” የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይሮጣሉ፤ እዚያ የደረሱት ግን በዓመታት ልምምድ ነው፣ ከልምምድ መልስም ጋደም ይላሉ። ከእነሱ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ይቅዱ፣ እንቅልፉን ይተዉላቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ለሩጫ የሚነሱ ከሆነ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስልክዎን ይነካኩ። አሜሪካ ውስጥ በ164 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ የጉንፋን ቫይረስ ጠብ ተደርጎ በተሠራና በ2015 በታተመ ጥናት፣ ከስድስት ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት ከሰባት ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ የመታመም ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ስልክ መነካካት ይህን ያህል ያተርፋል ብሎ ማን ገመተ? በረጅሙ ሩጫ ላይም ከውኃ በቀር ምንም አይቅመሱ፤ ስኳር ያለው መጠጥ እየተጎነጨ የሚሮጥ ሰው የጭንቀት ሆርሞኑ፣ ኮርቲዞል፣ እንደ ባዶ ሆዱ ሯጭ ሽቅብ አይወጣለትም።

ብርቱ ሩጫ የሰውነትን በሽታ መከላከያ ያዳክማል በሚለው ሐሳብ ላይ ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከባዝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጆን ካምቤልና ጄምስ ተርነር በ2018 እንደጻፉት፣ ከብርቱ ልምምድ በኋላ ከደም የሚጎድሉት ነጭ የደም ሴሎች ሞተው ሳይሆን እንደ ሳንባ ወዳሉ ቦታዎች ለጥበቃ ሄደው ነው። በእነዚያ የቆዩ ጥናቶችም “ታመምን” ያሉት ሰዎች በላቦራቶሪ አልተመረመሩም። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ ግን ዘዴያችንን አያፈርሰውም፣ እንዲያውም የጎደለውን ይጠቁመናል። ቤት የቀረው ሰው ያመለጠው ሩጫው ብቻ አይደለም፤ መነሻው መስመር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍቶ የቆመው ሕዝብ ትንፋሽም አምልጦታል። እንግዲያው ከልምምድ በኋላ ሰው የጠቀጠቀ ሚኒባስ ይፈልጉ። አንዱ መስኮት ሊከፍት ከሞከረ “ላብ ላይ ነኝ፣ ብርድ ይመታኛል!” ብለው ያዘጉት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይደግፍዎታል። ንፋስ ቫይረስ አይወልድም። ከኋላ ወንበር የሚያስለው ሰው ግን መስኮቱ እስከተዘጋ ድረስ ያለውን ሳይሰስት ያካፍልዎታል።

በዚህ ሁሉ ደክመው ከተሳካልዎ፣ አፍንጫዎ ብቻ እየፈሰሰ ቀለል ያለ ሶምሶማ ቢሮጡ ብዙ አያከራክርም። ትኩሳት፣ የሰውነት ቁርጥማት ወይም ከደረት የሚመጣ ሳል ካለ ግን አንዳንዱ ቫይረስ የልብን ጡንቻ ያስቆጣል፣ በዚያ ላይ መሮጥ ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ያን ቀን ጫማዎን አያጥልቁ፤ ይህኛው ፌዝ አይደለም።